ከፍራንክፈርት ሮም ስንት ሰዓት ነው?

በእኛ ቤት ከፍራንክፈርት ሮም ሩቅ ነበር። በሌላ ሰው ቤት እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ በእኛ ቤት ግን በመሃሉ ተራራ ነበረው፣ በረዶ ነበረው፣ ሰው በዋዛ የማይሻገረው ድንበር ነበረው። ይህን የምለው ደግሞ የጂኦግራፊ አስተማሪዋ እኔ ነኝ። ሶዶ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአውሮፓን ካርታ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሰቅዬ፣ ተማሪዎቼን በክር እያስለካሁ፣ ከከተማ ከተማ ያለውን ርቀት አሰላ ነበር። ቤት ስገባ ግን ሰው በጠየቀኝ ቁጥር "አዎ፣ ሩቅ ነው" እላለሁ። እንዲህ ስል ፊቴ እንደሚግል ይሰማኝ ነበር።

ነገሩ የወንድሞቼ ነው። ሁለት ወንድሞች አሉኝ፣ እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። ትልቁ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ይኖራል። ትንሹ ጣሊያን፣ ሮም። መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ይደዋወሉ ነበር፤ የአንዱን ወሬ ከሌላው ነበር የምንሰማው። ከዚያ ትንሹ አገባ። ማግባቱ አይደለም ጥፋቱ። ትልቁ ሳያገባ፣ ትልቁንም ሳይጠይቅ ነው ያገባው። አዳራሽ ከያዘ፣ ቀን ከቆረጠ በኋላ ደውሎ "ሠርጌ ላይ እንዳትቀር" አለው፤ እንደ ጎረቤት። በእኛ ዘንድ ታናሽ ታላቁን አልፎ የሚያገባ ከሆነ አስቀድሞ ቀርቦ ፈቃድ ይጠይቃል። ታላቅየውም አይከለክልም፤ መጠየቁ ብቻ ይበቃዋል። ትልቁ ወንድሜ ይህን ጠብቆ አጣው። ሠርጉ ላይም ሳይገኝ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም።

እንዲህ ያለ ኩርፊያ ማንም ቤት ይገባል። የእኛን ያከበደው አባቴ ነው።

አባቴ በደህናው ዘመኑ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ አሰብም ሞያሌም ተመላልሷል። መሪውን ከተወ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነና ማስታረቅን እንደ ሥራ ያዘው። ባልና ሚስት፣ በድንበር የተጣሉ ጎረቤታሞች፣ የተኮራረፉ የመዘምራን አባላት፣ ሁሉም እሱ ዘንድ ይመጣሉ። በተለይ ጊፋታ ሲቃረብ አይገኝም። ጊፋታ የወላይታ አዲስ ዓመት ነው፤ በመስከረም ይውላል፣ የትም ያለ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፣ ተኳርፎም አብሮ ሥጋ የሚቆርጥ የለም። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት አባቴን ከቢጠናም ከሁምቦም ይጠሩታል፤ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይሄዳል፣ ማታ ጫማው አቧራ ለብሶ ይመለሳል። እናቴ ውኃ እያቀረበች "ታረቁ?" ትለዋለች። "ታረቁ" ይላል። ከዚያ ሁለታችንም ሌላ ነገር እንዳንጠይቀው ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ያዞራል።

የዚያ ሰው ልጆች አይነጋገሩም። ይህ እንዳይሰማ ነበር ቤታችን በሙሉ የሚኖረው።

"ሩቅ ነው" የሚለው ነገር የጀመረው የሠርጉ ሲዲ የመጣ ቀን ነው። ሳሎናችን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ የሴቶች ኅብረት አባላት፣ ጎረቤት፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም ከጉኑኖ ድረስ መጥቷል። ሙሽራዋ አማረች፣ ኬኩ ተደነቀ፣ የሮም መንገድ ተደነቀ። ከዚያ አንዷ ሴትዮ እንዲያው በቅንነት "ትልቁ ልጅ የታለ? አላየሁትም እኮ" አለች። አባቴ ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። እናቴ ፈጠን ብላ "ሩቅ ነው እኮ፣ እሱ ያለው ሌላ አገር ነው" አለች። ሰው ሁሉ ደግሞ ወደ እኔ ዞረ፤ አስተማሪ ስለሆንኩ።

"በመሃል የአልፕስ ተራሮች አሉ" አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ተራሮቹ አሉ። አንድ ሽማግሌ ከዳሞታ ይበልጥ እንደሆነ ጠየቁኝ። ዳሞታ ከሶዶ በላይ የቆመው ተራራችን ነው፤ ለእኛ የትልቅ ነገር ሁሉ መለኪያ እሱ ነው። "ዳሞታ ልጁ ነው" አልኳቸው። ሳቁ፣ አዘኑም፤ "አይ ስደት" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትልቁ ወንድሜ የወንድሙን ሠርግ በተራራ ምክንያት የቀረ ሰው ሆነ። እኔም የተራራው ምስክር ሆንኩ። ገበያ መሃል ሳይቀር "እውነት በረዶው መንገድ ይዘጋል?" ይሉኛል፣ እኔም በክረምት ይዘጋል እላለሁ። ስለ አውሮፕላን ማንም አልጠየቀኝም። ለእኛ አካባቢ ሰው ሌላ አገር ማለት ጉዞ ነው፤ አዲስ አበባ ለመድረስ እንኳ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ የሚውል ሰው፣ ሁለት አገር በአንድ ጠዋት ይታለፋል ብሎ ከየት ያስባል? ይህን ስለማውቅ ነበር እንደዚያ በድፍረት የምናገረው። ማፈሬም ከዚሁ ነው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ለተማሪዎች የሚሆን ነገር ልፈልግ ነበር፤ ጣቴ ግን ሳላዘው የሁለቱን ከተሞች ስም ጻፈ። ገጹ እየተንፏቀቀ ተከፈተ። በአየር ሺህ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በረራው ሁለት ሰዓት አይሞላም። ቅርብ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ያን ያህል ቅርብ መሆኑን ግን ተጽፎ እስካይ ድረስ ለራሴም ደብቄው ነበር። ማንም ሳያይብኝ ገጹን ዘጋሁት።

አባቴን ጓሮ እንሰቱ መሃል አገኘሁት፣ የደረቀ ቅጠል እየቆረጠ። "አባዬ፣ ከፍራንክፈርት ሮም በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት አይሞላም" አልኩት።

ቢላውን አወረደ። "ለማን ነገርሽ?"

"ለማንም።"

"እኔ እስካቀርበው ድረስ ሩቅ ይሁን" አለኝ። ቢላውን መልሶ አነሣና "ሰው ቤት ገብቼ ታረቁ ስል እኮ ምላሴ ይተሳሰራል። አንቺ ምን ታውቂያለሽ" አለ። እንዲህ ብሎ አያውቅም ነበር። አባቴ ማፈሩን ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሊያቀርበው ሞክሯል። ያንን የማውቀው ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ሲሄድ ስለማየው ነው። ቤት ውስጥ ሲያወራ የሚጮህ ሰው፣ እዚያ ሲሆን ድምፁ አይሰማም። ሰውን ሁሉ በአንድ ተቀምጦ የሚያስታርቅ ሰው ሁለት ልጆቹን በስልክ ይለምናል፤ አንዱን ሲጨርስ ሌላውን። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱ በሕይወት እያለ ልጆቹ ጊፋታን ባሉበት አገር አንድ ላይ ሆነው እንዲበሉ። እናቴ "ምን አሉህ?" ስትለው "ይሆናል" ይላል። ጊፋታ መጣ፣ ሄደ። ደግሞ መጣ። "ይሆናል" ማለቱን አልተወም።

የሞተው በድንገት ነው። ጠዋት ደረቴን ወጋኝ አለ፣ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። በማግስቱ ተቀበረ፤ ወንድሞቼ ለቀብሩ ሊደርሱ አልቻሉም፣ እናቴም "በኋላ ትመጣላችሁ፣ አሁን ባላችሁበት ተቀመጡ" አለቻቸው። በየስልካቸው ለየብቻ አለቀሱ። እኔ አንዱን ሳጽናና ሌላው በሁለተኛው ስልክ ይጠራ ነበር፤ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሆነ እንኳ አልጠየቀኝም።

ዕድሩ ድንኳን ተከለ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ተደረደሩ፣ የተቀቀለ ጎደሬና ሻይ ይቀርባል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መዘምራኑ ዘምረው ሲቀመጡ፣ ሰዎች እየተነሡ ስለ አባቴ መናገር ጀመሩ። አንዱ ትዳሬን ያቆመልኝ እሱ ነው አለ። አንዷ ከእህቴ ጋር ያስታረቀኝ እሱ ነው አለች። እኔና እናቴ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ምስጋናው በጨመረ ቁጥር እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። ለሚያይ ሰው ሐዘን ነው የሚመስለው።

ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ጅምላ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ተነሡ። ቤተሰባቸው ከስልጤ የመጣ ነው፤ እሳቸው ግን ሶዶ ተወልደው ሶዶ ያረጁ ናቸው። "እኔና ወንድሜ በዚህች የሱቃችን ግድግዳ ተጣልተን ዓመት ሙሉ ሰላም አልተባባልንም" አሉ። "እሳቸው መጡ። ነገሩን ላስረዳ ስጀምር አልሰማም አሉኝ። 'መጀመሪያ ከሱቅህ የወንድምህ ሱቅ ስንት ደቂቃ ነው?' አሉኝ። ኧረ ደቂቃም የለው፣ ግድግዳ ብቻ ነው አልኳቸው። 'እንግዲያው ተነሥና እንሂድ' አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው ያስታረቁን። አላህ ያጽናችሁ።" ሰው በእንባው መሃል ሳቅ አለ። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እነሱንም እንደዚያው ብሏቸው ኖሯል።

የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ የጉኑኖው አጎቴ፣ ይህን ሲሰማ አንድ ነገር ትዝ አለው። "ልጆቹስ?" አለ። "ለቅሶ የት ተቀመጡ? በማን ቤት?"

"በየቤታቸው ናቸው" አለች እናቴ።

"ምነው? ወንድማማች እኮ ናቸው። ሰው ሲመጣ አንድ ላይ ሆነው መቀበል አለባቸው።"

"ሩቅ ነው።"

አጎቴ አማርኛ ሲናገር ሴትን ከወንድ ብዙም አይለይም። ወደ እኔ ዞረና "አንተ አስተማሪ ነህ፣ እስቲ ንገረን። መንገዱ ያን ያህል ነው?" አለኝ። አጠገቤ እንደኔው ጂኦግራፊ የሚያስተምር የሥራ ባልደረባዬ ተቀምጧል። ሌሎች መምህራንም አሉ። "ሩቅ ነው፣ አጎቴ" አልኩ። ባልደረባዬ ዓይኑን ሻዩ ውስጥ ጣለ። እኔን ላለማየት ብሎ ነው። ያን ጊዜ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ሐጂ ግን አላስቻላቸውም። ሞባይላቸውን ይዘው ከድንኳኑ ወጡ። ዱባይ ለዕቃ ሲሄዱ ቲኬት የሚቆርጥላቸው ሰው አዲስ አበባ አላቸው፤ እሱን ነበር የደወሉለት። ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። "አብሽሩ" አሉ ድንኳኑ መሃል ቆመው። "ጠየቅሁ። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት አይሞላም። ጠዋት አለ፣ ማታ አለ። እዚያ የሚኖር ሰው ቪዛ አይጠየቅም። ዛሬ የተነሣ ዛሬ ይደርሳል።"

ድንኳኑ ተነቃነቀ። "ጌታ ይመስገን" አሉ። "ከሶዶ ሆሳዕና ማለት እኮ ነው" አለ አንዱ። ሐዘኑ ለአፍታ ቀለል ያለ መሰለ፤ ሁሉም ደስ ብሎት እኛን ያየናል፤ እኛም ደስ እንዲለን ይጠብቃል። እኔ የማየው የእናቴን እጅ ብቻ ነበር። ነጠላዋን ይዞ አይንቀሳቀስም። እኚህ ደግ ሰው ለአባቴ ውለታ ሊመልሱ ብለው፣ አባቴ ሸፍኖት የሞተውን ነገር ገለጡት።

"አንተ ግን ሩቅ ነው አልክ" አለኝ አጎቴ ግራ ገብቶት።

"በመኪና ማለቴ ነው" አልኩ። ደግሞ ዋሸሁ።

"ደውልለት። ለትልቁ ደውል። ላውድ ላይ አድርገው፣ ሁሉም ይስማ።"

ኔትወርክ የለም ማለት እችል ነበር። ነበረ። ሁሉም እያየኝ ደወልኩ፣ ላውድ ላይ አደረግሁትና ለአጎቴ ሰጠሁት። አጎቴ በወላይትኛ ጀመረ፤ ልጄ፣ አባትህን ጌታ ወስዶታል፣ ወንድምህ ብቻውን ተቀምጧል፣ መንገዱ እንደሆነ ቅርብ ነው ይላሉ፣ ዛሬውኑ ተነሥና ሂድ፣ አብራችሁ ተቀመጡ፣ አለው። የተቋረጠ መስሎት አጎቴ ስልኩን ነቅነቅ አደረገው።

"እሱ ይምጣ" አለ ወንድሜ። ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማ። "አባዬንም እንደዚሁ ነው ያልኩት።"

የተናገሩት ሁሉ፣ ትዳሬን አቆመልኝ ያለው፣ ከእህቴ አስታረቀኝ ያለችው፣ እዚያው ተቀምጠው ሰሙ። አስታራቂው ሰውዬ ልጁን ለምኖ እንቢ እንደተባለ ሰሙ። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አንዳንዱ ጫማውን ያያል። የሠርጉን ሲዲ ከእኛ ጋር ያየችው ሴትዮ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ ስለ ተራራው እንደምታስብ ገባኝ። የተጋለጠው አባቴ ነበር፣ ያፈርኩት ግን በወንድሜም በራሴም በሟቹም ጭምር ነው። አባቴ ለምን በጓሮ ተደብቆ ለመነ ብዬ ተናደድኩበት፣ በቁጣዬም መልሼ አፈርኩ።

ሐጂ አጠገቤ መጥተው ጎንበስ አሉ። "እህቴ፣ አላወቅሁም። ወላሂ አላወቅሁም" አሉኝ በሹክሹክታ። እኔ ነበርኩ ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ።

አጎቴ ለትንሹ የደወለው ከድንኳኑ ጀርባ ሄዶ ነው፤ ላውድ የሚለውን ነገር ደግሞ አልደገመውም። ሲመለስ "ይሄዳል" አለ። ሰው አንድ በአንድ እየተነሣ "ጌታ ያጽናችሁ" እያለ ወጣ፤ የወትሮውን ያህል እጃችንን ጨብጦ አልቆየም።

በማግስቱ ድንኳኑ ከወትሮው ይበልጥ ሞላ። ለማልቀስ ይሁን ለማወቅ እሱ ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ፣ የትልቁ ወንድሜ ቁጥር ነው። ወደ ውጭ ልወጣ ስነሣ እናቴ ክንዴን ያዘች። "እዚሁ። እንደ ትናንቱ አድርጊው" አለችኝ። "ከእንግዲህ ምን የምንደብቀው አለ?"

የተሰማው የትንሹ ድምፅ ነበር፣ ከትልቁ ስልክ። አለቀሰ። ትልቁም ከጎኑ ሲያለቅስ ይሰማል። "እማዬ፣ ተገናኝተናል። ይቅር ተባብለናል" አለ። ድንኳኑ በሙሉ "አሜን" አለ። አጎቴ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ሐጂም ከተቀመጡት ሰዎች ጀርባ "አልሐምዱሊላህ" ሲሉ ተሰሙ። ከትናንት ወዲህ መጀመሪያ ቀና ብዬ ሰው ያየሁት ያኔ ነው። አለፈ፣ ታጠበ ብዬ አሰብኩ።

እናቴ ግን "አሜን" አላለችም። ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ሁለት እጇ ላይ አድርጋ "መንገዱ እንዴት ነበር?" አለችው።

"ደህና ነበር፣ እማዬ። አጭር ነው" አለ ትንሹ ወንድሜ። ካለቀሰ ሰው በምትወጣው ትንሽ ሳቅ ሳቅ አለ። "ሻይ ሰጡን፤ ሳልጨርሰው ልናርፍ ነው ብለው ከእጄ ወሰዱት።"

እናቴ ምን እንደምትል ሁሉም ይጠብቃል። ልትመርቃቸው መስሎኝ ነበር።

"አባታችሁ ያን ሁሉ ጊዜ ጓሮ ቆሞ የለመናችሁ ሻይ ለማያስጨርስ መንገድ ነው?" አለች።

"እማዬ…" አለ ትልቁ።

"አንተን ብቻ አይደለም" አለችው። "ሁላችሁንም ነው የምጠይቀው።" ከዚያ ቀና አለችና ወደ እኔ ዞራ፣ እስክመልስላት ጠበቀችኝ።